በጋሼ ስም የተጻፉ መልሶች

ገናነሽ ትክክለኛ ስሟ አይደለም፤ ፕሮግራም ጻፊዎቹ ያወጡላት ነው። ሥራዋ እነሱ የጻፉትን ሶፍትዌር እየነካካች እንከኑን ማውጣት ነው። አንዱ ፊቱ በርቶ "በቃ፣ አስተካከልኩት" ሲላት ተቀምጣ ትሞክርና "ገና ነው" ትለዋለች። ሄዶ ለፍቶ ሲመለስም "አሁንም ገና ነው።" እንዲህ እያለች ገናነሽ ሆና ቀረች። አልከፋትም። እዚያ ቢሮ ቅጽል ስም የሚወጣለት የተወደደ ሰው ብቻ ነበር።

ያ ሁሉ አሁን ነበር ሆኗል። ኩባንያው ለክሊኒኮችና ለመድኃኒት ቤቶች የታካሚ ካርድ መያዣ ሶፍትዌር ይሠራል። ሠራተኛው መጀመሪያ በሳምንት አንድ ቀን፣ ቀጥሎ ግማሹን ሳምንት፣ በመጨረሻ ጨርሶ ከቤቱ መሥራት ጀመረ። ገናነሽ ብቻ በየማለዳው አውቶቡስ ተሳፍራ ትመጣለች። ለጠየቃት ሁሉ "ሰርቨሩ እዚያ ስላለ ነው" ትላለች። እውነቱ ግን እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቷ ውስጥ ከሬዲዮ በቀር ድምፅ የሚያሰማ ስለሌለ ነው። ቢሮው ቢያንስ የሰው ወንበር አለበት። መብራቱ ግን ያሳብቅባት ነበር፤ እንቅስቃሴ ካላየ ክፍሉ ባዶ ነው ብሎ ይጠፋል። እሷ ደግሞ ሥራ ላይ ስትመሰጥ አትነቃነቅም። ድርግም ሲልባት እጇን ወደ ላይ አንስታ ታወዛውዛለች። ከውጭ ላየ ሰው፣ ማዶ ያለ ወዳጇን ሰላም የምትል ነው የምትመስለው።

የምትጠብቀው ሰርቨር ላይ አንድ ድረ ገጽ አለ። በወጉ የስህተት መከታተያ ይባላል፤ እነሱ በቀልድ "እሮሮ" ነው የሚሉት። የክሊኒክ ሠራተኛ "ይሄ ቁልፍ አልሠራም አለኝ" ብሎ አቤት የሚለው እዚያ ነው። ለእያንዳንዱ አቤቱታ አንድ ገጽ ይከፈትለታል፣ ከሥሩ ፕሮግራም ጻፊዎቹ እየተቀባበሉ ይጽፉበታል፣ ሲስተካከል ይዘጋል። አብዛኛውን ማንም ደንበኛ ያየዋል። አንዳንዱ ግን ይቆለፋል። ለምሳሌ አንድ ሰው የሌላውን ታካሚ ካርድ መክፈት የሚችልበት ቀዳዳ ሲገኝ፣ እስኪደፈን ድረስ ከጥቂት ሠራተኞች በቀር ማንም አያየውም። የተቆለፉትን አንድ ላይ አድርጎ ያየ ሰው፣ የትኛው ክሊኒክ በየት በኩል እንደሚገባበት ተነገረው ማለት ነው።

እሮሮን ያቆሙት ጋሼ ነበሩ። ከሁሉም በዕድሜ የገፉት ፕሮግራም ጻፊ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው "መነጽሬን ያየ" እያሉ የሚዞሩ ሰው። ጡረታ ወጥተው ሌላ ከተማ ልጃቸው ጋ ሲገቡ አለቃው "አካውንታቸው ለክብራቸው ይቆይ" አለ፤ ማንም አልነካውም። ከእሳቸው ቀጥላ የሄደችው ቀጮ ናት። ቀጮ ከገናነሽ ፊት ለፊት ትቀመጥ የነበረች ፕሮግራም ጻፊ ናት። ምሳቸውን አብረው ይበላሉ፣ አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ "ይማርሽ" ሳትል ቀና አትልም። ኩባንያው ሰው ሲቀንስ ስሟ ወጣ። ዕቃዋን በካርቶን ይዛ ማንንም ሳትሰናበት ወጣች፤ የዚያኑ ቀን አካውንቷ ተሰረዘ። ገናነሽ ደጋግማ ደወለችላት። አታነሳም።

አንድ ቀን ጠዋት ገናነሽ ከአንድ የተቆለፈ አቤቱታ ጋር ትታገል ነበር። አንዲት ነርስ "የአንዱን ታካሚ ካርድ ስከፍት የሌላው መጣብኝ" ብላ ጽፋለች። ገናነሽ ቀኑን ሙሉ ብትሞክር እንዲህ ያለ ነገር አልመጣላት አለ። በማግስቱ ገጹን ስትከፍተው ከሥሩ አዲስ ጽሑፍ አገኘች።

"መጀመሪያ ከሲስተሙ ትወጫለሽ። ተመልሰሽ ሳትገቢ የኋሊት ቁልፉን ተጫኚ። ያኔ ይመጣልሻል።"

የጻፈውን ሰው ስም አየች። ጋሼ! እንደተባለው ሞከረችው፤ የሌላ ሰው ካርድ ዘርገፍ ብሎ መጣ። በደስታ ዘላ ተነሳችና ማንም በሌለበት ክፍል ውስጥ "እሰይ!" አለች።

"ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት? እንዴት ከረሙ? እኛን አልረሱንም ማለት ነው!" ብላ ጻፈች።

መልሱ ከሰዓት በኋላ መጣ። "አለሁ። እያየሁ ነው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢሮ መግባት ደስ ይላት ጀመር። አውቶቡሱ ውስጥ ቆማ ዛሬ ምን እንደምትጠይቃቸው ታስባለች። ጋሼ ሁልጊዜ አይመልሱም፤ ሲመልሱ ግን አጭርና ልክ ነው። ቀስ በቀስ ከሥራው ወሬ ወጣ ትል ጀመር። ማንም የማይከፍተው አንድ ያረጀ የተቆለፈ ገጽ መርጣ እዚያ መጻፍ ጀመረች። ስለ መብራቱ ነገረቻቸው። የእናቷን ልብሶች አጣጥፋ ካስቀመጠች ወዲህ ያንን ክፍል እንዳልከፈተች ነገረቻቸው። እህቷ ስትደውል "ደህና ነኝ" ከማለት ሌላ ምንም እንደማይወጣት ነገረቻቸው። ለሰው ፊት ለፊት የማትለውን፣ ጣቷ ሲሆን እንደ ውኃ ይወርድላታል።

አንድ ቀን እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "ቀጮ ከሄደች ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አልደወለችልኝም። ምን እንዳደረግኳት አላውቅም። ተቀይማኝ ይሆን ጋሼ?"

ያን ቀን መልስ የለም። በማግስቱም የለም። በኋላ ግን መጣ።

"አልተቀየመችሽም። ሰው ሥራውን ሲያጣ፣ ሥራ ካለው ሰው ጋር ማውራት ያሳፍረዋል። ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ።"

ገናነሽ ደጋግማ አነበበችው። እንባዋን ጠራርጋ፣ እንዲህ ያለ ሰው በጽሑፍ ብቻ አይመሰገንም ብላ ስልኳን አነሳች። የጋሼ ልጅ ቁጥር ከሽኝቱ ቀን ጀምሮ ስልኳ ውስጥ ነበር።

"ጤና ይስጥልኝ፣ የአባትሽ የሥራ ባልደረባ ነኝ። ገናነሽ ይሉኛል። ጋሼን አመስግኚልኝ ልልሽ ነው። እንደዚያ እየደከሙ በየቀኑ..."

"ምን እየደከሙ?" አለች ልጅቱ።

"እየጻፉልኝ ነዋ! በኮምፒውተር።"

"እትዬ፣ አባባ እኮ ታመዋል። የማስታወስ ነገር ነው። እኔን ራሴን አንዳንዴ እህቴ ነሽ ይሉኛል። ኮምፒውተር ከነኩ ቆዩ፤ ቁልፉ ላይ እጃቸውን ያስቀምጡና ዝም ብለው ያዩታል።"

ገናነሽ "እግዜር ይማራቸው" ማለቷን ታስታውሳለች። ስልኩን እንዴት እንደዘጋች ግን አታስታውስም። መብራቱ ጠፋ፤ እጇን አላነሳችም።

መጀመሪያ የተሰማት ፍርሃት አልነበረም፣ እፍረት ነበር። ያ ሁሉ የልቧ ነገር፣ የእናቷ ልብስ ሳይቀር፣ ማን እጅ ገባ? ከዚያ በኋላ ነው የሥራዋ ጠባይ የነቃው። በጋሼ ስም አንድ ሰው ከገባ የገባበት በር አለ። በሩን መፈለግ ደግሞ የእሷ ሙያ ነው።

ከመግቢያው ገጽ ጀመረች። እዚያ "የይለፍ ቃል ረሳሁ" የሚል ቦታ አለ። ሲጫኑት እሮሮ አንድ ሊንክ በኢሜይል ይልካል፤ ሊንኩን የከፈተ ሰው አዲስ የይለፍ ቃል ያወጣል። በሊንኩ ጫፍ ላይ ቁጥር አለ። ያ ቁጥር ማንም ሊገምተው የማይችል መሆን ነበረበት። ገናነሽ በራሷ ስም አንድ አስላከች። ደግማ አስላከች። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ ስታያቸው የሁለተኛው ቁጥር የመጀመሪያው ላይ አንድ የተጨመረበት ብቻ ነበር።

እንዳይሆን እየጸለየች በራሷ ስም አስላከች፣ ወዲያው በአለቃዋ ስም አስላከች። የእሱ ኢሜይል እሷ ጋ አይመጣም። መምጣትም አላስፈለገው፤ የራሷን ሊንክ ወስዳ ቁጥሩ ላይ አንድ ጨመረች። "አዲስ የይለፍ ቃል ያስገቡ" አላት። አለቃዋን ሆና ገባች። ለካ እሮሮ የተቆለፈውን ሁሉ ቆልፎ ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ ነው የኖረው።

የተዘጉትን አሮጌ አቤቱታዎች ስትፈትሽ አንድ ነገር አገኘች። ይህንኑ ቀዳዳ አንድ ሰው አስቀድሞ ጽፎታል፤ ቁጥሩ፣ ሊንኩ፣ ሁሉም ተራ በተራ ተብራርቷል። የጻፈው ሰው ስም ያለበት ቦታ ላይ "የተሰረዘ ተጠቃሚ" ይላል። ከሥሩ አለቃው "የውስጥ መገልገያ ስለሆነ አያጣድፍም" ብሎ ዘግቶታል። የአቤቱታው የመጨረሻ መስመር ግን "ሌላ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም" የሚል ነበር። ገናነሽ ይህን አባባል ታውቀዋለች። ፊት ለፊቷ ተቀምጣ በየሰዓቱ "ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ" የምትል አንዲት ሴት ብቻ ነበረች።

ቀጮ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምናልባት በሆዷ ይዛው ትቀር ነበር። ግን የሰርቨሩን የጉብኝት መዝገብ እስከ መጨረሻው አየችው። በጋሼ ስም የምትመጣው ቀጮ አንዳንድ ገጽ ትከፍታለች፣ ታነባለች፣ ትጽፋለች። ከእሷ ሌላ ግን፣ በዚያው በር የገባ አንድ ሰው አለ። ድሮ በሄደ የሽያጭ ሠራተኛ ስም ነው የገባው። ምንም አልጻፈም። የተቆለፉትን አቤቱታዎች ከላይ ጀምሮ እየከፈተ፣ አንድም ሳያልፍ፣ እስከ ታች ወርዶ ወጥቷል።

ገናነሽ ያን "ረሳሁ" የሚለውን ገጽ ወዲያው አጠፋችው። የሽያጩን ሰው አካውንት ዘጋች። የጋሼን ለመዝጋት እጇን ሰንዝራ ቆመች። ከዚያ ያንን ያረጀ ገጽ ከፍታ ጻፈች፦ "ቀጮ፣ አንቺ መሆንሽን አውቄያለሁ። ይሄን መዝጋቴ ነው። ደውዪልኝ።"

ስልኳ ሲጮህ ገና ከወንበሯ አልተነሳችም።

"እንዴት አወቅሽ?" አለች ቀጮ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

"ጋሼ ታመዋል። ልጃቸውን አነጋገርኳት። ሰው አይለዩም።"

"ምን?" የቀጮ ድምፅ ወረደ። "አላወቅኩም። እውነቴን ነው፣ አላወቅኩም።"

"እኔ ስለ እናቴ የነገርኩት ለሳቸው ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"ምነው ታዲያ? እኔ ነኝ ማለት አቃተሽ?"

"መጀመሪያ የመጣሁት ያ የጻፍኩት ነገር ተስተካክሎ እንደሆን ልይ ብዬ ነው፤ ቁጥሩን ገምቼ በጋሼ ስም ገባሁ። እንዳለ ነው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለውታል። ተናድጄ ልወጣ ስል አንቺ ከዚያ ካርድ ጋር ብቻሽን ስትታገዪ አየሁ። መልሱን አውቀው ነበር። ጻፍኩልሽ። 'ጋሼ እርስዎ ነዎት' ስትዪኝ አይደለሁም ማለት ነበረብኝ። ግን ከዚያ ቢሮ ከወጣሁ ጀምሮ አንድም ሰው፣ አንድም ነገር ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ጠየቅሽኝ። በቃ።"

ገናነሽ አልተቆጣችም። በምትኩ የሌላውን ሰው ነገር ነገረቻት።

"ሁሉንም ከፈተ?" አለች ቀጮ። "ብዬ ነበር እኮ!"

"ብለሽ ነበር። አየሁት።"

"እንግዲያው የኔንም ጻፊው። ሁለት ሰው ገብቶ አንድ ነው ብለሽ እንዳትጽፊ። ሲያጣሩ ያገኙታል፣ መዘዙ ላንቺ ይተርፋል።"

አለቃው በስልክ ሲሰማ መጀመሪያ የጠየቀው "ማን ያውቃል?" የሚል ነበር። "እኔና አንተ፣ ቀጮ፣ ያ ሌባም" አለችው።

"በቃ ደፍነሽዋላ። ዝም ብለን እንለፈው። አሁን ክሊኒኮቹ ጋ ደውለን ምን ልንላቸው ነው?"

"የእናንተ በር በየት በኩል እንደሚከፈት አንድ የማናውቀው ሰው ያውቃል ነው የምንላቸው። ዛሬ ካልተነገራቸው እኔ እደውላለሁ።"

"ገናነሽ፣ ነገሩን አታካብጂው።"

"ቀጮ ስትጽፈው አያጣድፍም ብለህ የዘጋኸው ገጽ እዚህ ፊቴ ተከፍቷል።"

ከሰዓት በኋላ ለክሊኒኮቹ በሙሉ ተነገራቸው። የተቆጣ ነበር፣ የሰደበ ነበር፣ ውላችንን እናፈርሳለን ያለም ነበር። በጋሼ ስም በመግባቷ ቀጮን ፍርድ ቤት አቆማታለሁ ብሎ የነበረው አለቃ፣ ያ የዘጋው ገጽ አብሮ እንደሚቀርብ ሲገባው ነገሩን ተወው።

የተቆለፉት ቀዳዳዎች ቶሎ መደፈን ስለነበረባቸው ፕሮግራም ጻፊዎቹ ቢሮ ተጠሩ። ያን ሰሞን ክፍሉ ጢም አለ። ወንበር ይጎተታል፣ የሻይ ብርጭቆ በየጠረጴዛው ይረሳል፣ አንዱ በአንዱ ላይ ይስቃል፣ አንዱ ከዳር ሆኖ "ገናነሽ! ጨረስኩ!" ይላል። እሷም ሞክራ "ገና ነው" ስትል ሁሉም ይስቃሉ። መብራቱ አንድም ጊዜ አልጠፋም። ገናነሽ ይህ ሁሉ ጥፋት ባይደርስ ኖሮ እነዚህ ሰዎች እንደማይመጡ ታውቅ ነበር፤ በመደሰቷ አፈረች፣ ግን ተደሰተች። ሥራው አለቀ። የመጨረሻው ሰው ቻርጀሩን ጠቅልሎ "በይ ቻው፣ በስክሪን እንገናኝ" አላት።

ከየትኛውም ክሊኒክ የታካሚ ካርድ ተወሰደ የሚል አልተሰማም። አልተወሰደም ብሎ መማል ግን የሚችል የለም፤ ገናነሽ ይህን በአእምሮዋ ይዛ ነው የምትተኛው። ኩባንያው እሮሮን ዘግቶ ሌላ ድርጅት የሚያስተዳድረው መከታተያ ተከራየ። ሰርቨሩ ተነቅሎ ተወሰደ። ቀጥሎ የቢሮው ኪራይ ለምን ይከፈላል ተባለ፤ እሷም ላፕቶፕ ተሰጣትና ቤቷ ገባች።

ከቀጮ ጋር አንድ ቅዳሜ ተገናኙ። ቀጮ አሁን የአንድ ዕቃ መደብር ስልክ መላሽ ሆናለች። ተቃቀፉ፣ "ከሳሽ"፣ "አንቺም" ተባባሉ። ቀጮ ስለ ስልኩ ሥራ ጥቂት ቀለደች፣ ገናነሽ ስለ አዲሱ መከታተያ ጥቂት አማረረች። ከዚያ ወሬ አለቀ። በጽሑፍ ያን ያህል የተነጋገሩ ሰዎች ፊት ለፊት ሲሆኑ የሚሉት ጠፋቸው። ገናነሽ የምታየው ቀጮን ነው፤ የምትናፍቀው ደግሞ መልሱን የሚጽፉላትን ጋሼ ነው። ቀጮም ይህ የገባት ይመስላል።

"የጻፍኩልሽ ግን ውሸት አልነበረም" አለች ሲለያዩ፣ የቦርሳዋን ማንገቻ እያስተካከለች።

"አውቃለሁ" አለች ገናነሽ። "እንደዋወል።"

"እንደዋወላለን።"

እስካሁን አልተደዋወሉም።

አንድ እሑድ ገናነሽ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ተሳፍራ ጋሼን ልትጠይቅ ሄደች። ልጃቸው በር ከፈተችላትና በረንዳው ላይ ወሰደቻት። ጋሼ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርገው ፀሐይ ይሞቃሉ። በጣም ቀጥነዋል። ሲያዩዋት ግን እንደ ጨዋ ሰው ከወንበራቸው ብድግ ለማለት ሞከሩ።

"ኧረ በፈጠረዎ ይቀመጡ!"

"ተቀመጪ ልጄ፣ ተቀመጪ። የማን ልጅ ነሽ?"

እናቷን በስም ነገረቻቸው። አያውቋትም ነበር፤ ቢሆንም "እንዴት ናት? ደህና ናት?" አሉ።

"አርፋለች ጋሼ። ልብሷን አጣጥፌ አስቀምጫለሁ፤ ክፍሉን ግን እስካሁን አልከፈትኩትም።"

"አይዞሽ" አሉና እጇን ያዙ። እጃቸው ሞቃት ነበር። "ይከፈታል። ሲሆንልሽ ትከፍቺዋለሽ።"

ያን ሁሉ ጊዜ ለእሳቸው የጻፈችው ነገር አሁን ገና ደረሳቸው። ማዶ አንዲት ሴት አንሶላ ታሰጣለች።

"ሥራሽስ ምንድነው?" አሉ ጋሼ።

"ሰዎች የተበላሸባቸውን ነገር ይጽፉልናል። እኔ እውነት መበላሸቱን አያለሁ፤ ከዚያ የሚያስተካክል ሰው እፈልጋለሁ። ተስተካከለ ሲሉኝ ደግሞ እሞክረዋለሁ።"

"ጥሩ ሥራ ነው" አሉ ጋሼ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንሶላዋን የምታሰጣውን ሴት ለጥቂት ጊዜ አዩና ወደ እሷ ዞሩ። ፊታቸው ላይ ያው የእንግዳ ተቀባይ ፈገግታ አለ። "አንቺስ ልጄ፣ ሥራሽ ምንድነው?"

ገናነሽ ወንበሯን ትንሽ ወደ እሳቸው አስጠጋች።

"ሰዎች የተበላሸባቸውን ነገር ይጽፉልናል" አለች።